ግድግዳ ሳይበሳ የተሰቀለው መደርደሪያ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ጨው ጭና ከነጋዴዎች ጋር ስትጓዝ ጀርባዋ ተላልጦ ቆሰለ። ቁስሉ እየሰፋ ሄዶ ጭነት አላስነካ ሲል ነጋዴዎቹ ጨዉን ለሌላ አህያ አዛወሩና «ገጣባ አህያ ምን ታደርግልናለች?» ብለው ወንዝ ዳር ትተዋት ሄዱ። ጊዜው የክረምት መግቢያ ነበር። ዝናቡ ቁስሏን ይገርፈው ጀመር። መጠለያ ፍለጋ ብትዞር ዋሻው ሁሉ ተይዟል። ባዶ ቦታ ያለው አንድ ዋሻ ብቻ ነበር። የዚያ ዋሻ ባለቤት ደግሞ ጅብ ነው።

አህያ ከጅብ ቤት ተከራየች ቢባል ማን ያምናል? እሷም ራሷ አላመነችም። ነገር ግን የዱሩ ንጉሥ አንበሳ በዚያ ዓመት «ከዝናብ ሸሽቶ የተጠጋ አይበላም» የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ፊቱ ቀርበው ተዋዋሉ። አህያ በየሳምንቱ አንድ ጭነት አጥንት ለጅብ ልታመጣ፣ ጅብም ላይነካት ተስማሙ። ጅብ ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ አለ።

«ግድግዳዬን መብሳት ክልክል ነው! አንድ ቀዳዳ ካገኘሁ ውሉ ፈረሰ።»

«ከፈረሰስ?» አለ አንበሳ።

«እበላታለኋ!»

አንበሳ ወደ አህያዋ ዞረ። «ሕጌም የሚጠብቅሽ ውሉ እስካልፈረሰ ድረስ ነው። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ» አለች። ውሃው ከጆሮዎቿ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ሌላ ምን ትበል?

የዋሻው ግድግዳ ከውስጥ አለት ነው። ከላዩ ግን የጅብ አባት በሕይወት ሳለ በጭቃና በጭድ አስመርጎታል። ጅብ በዚህ ምርግ በጣም ይኮራል። በየጠዋቱ እየመጣ አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከዳር እስከ ዳር ያሸታል። ቀዳዳ ሲያጣ ፊቱ ይጠቁራል።

«ዛሬም የለም?»

«የለም፣ አያ ጅቦ።»

«ትንሽዬም?»

«ትንሽዬም።»

«እንግዲህ ነገ ይኖር ይሆናል» ይልና ምራቁን እየዋጠ ይወጣል።

በዋሻው መጨረሻ ውሃ ከጣሪያው የሚንጠባጠብባት ጠባብ ክፍል ነበረች። አህያዋ መታጠቢያ ቤት አደረገቻት። ጠዋት ጠዋት ቁስሏን በእንዶድ አረፋ ታጥባለች፣ ነጋዴዎቹ ሲያዛውሩ ከፈሰሰው የለቀመችውን ጨው ትነሰንስበታለች፣ ከዚያም ጭራዋን ቅል ውስጥ እየነከረች የመድኃኒት ቅባት ትቀባለች። ቅባቱ በቅቤ የተለወሰ ቅጠል ነው።

ያስቸገራት ማስቀመጫ ነበር። መሬት ላይ ያስቀመጠችው ጨው ቀልጦ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እንዶዱ ሳይታጠቡበት ያልቃል። ቅሉ ይገለበጥና ቅባቱ ውስጥ ጭቃ ይገባል። ያንን ስትቀባው ቁስሉ ይብሳል። በየሳምንቱ ደግሞ በዚያው ጀርባዋ የጅብን አጥንት ትሸከማለች። አንድ ችንካር ግድግዳው ላይ ብትመታ ኖሮ ሁሉም ከውሃና ከጭቃ በላይ በሆነላት ነበር። አንድ ችንካር ብቻ! ግን ችንካር ማለት ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ ማለት ደግሞ ጅብ ነው።

«ይህ ቁስል በዚህ ክረምት ካልዳነ፣ መስከረምን አላይም» አለች ለብቻዋ። ይህን የሰማት ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ብቻ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ቀበሮ ጥቂት ሳንቃዎችና አንድ ገንቦ ሙጫ ተሸክሞ በዋሻው ደጅ አለፈ።

«መደርደሪያ! መደርደሪያ!» እያለ ይጮሃል። «ያለ ችንካር! ያለ መዶሻ! ለጥፎ መስቀል ብቻ!»

አህያዋ አንገቷን አወጣች። «ምን አልክ፣ አያ ቀበሮ? ያለ ችንካር?»

«ያለ ችንካር፣ እህት ዓለም። ግድግዳ ምን በደለንና እንወጋዋለን?»

«ቀዳዳም የለውም?»

«ቀዳዳ ብታገኚ ጭራዬን ቁረጪው።»

ቀበሮ ይህን ብሎ ዝም አላለም። ከደጁ ካለው ቋጥኝ ላይ ሙጫውን ቀባ፣ ሳንቃውን አሳረፈበት፣ በመዳፉ ጫን አድርጎ ያዘና ጥቂት ቆየ። ከዚያም ራሱን የሚያህል ድንጋይ አስቀመጠበት። ሳንቃው ንቅንቅ አላለም።

«ነይ ጎትቺው። አትፈሪ!»

አህያዋ በጥርሷ ይዛ ጎተተች። ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተች። ሳንቃው ከቋጥኙ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

«የዋርካ ሙጫ ነው፤ በሰም የተለወሰ» አለ ቀበሮ። «የቤቱ ባለቤት ቢያይ ምን ይላል? ምንም! ግድግዳው እንዳለ ነው። አንቺ ደግሞ ጨውሽ ደረቅ፣ ቅልሽ ቀጥ ያለ። ከማንም ፈቃድ ሳትለምኚ!»

ከማንም ፈቃድ ሳትለምን። አህያዋን የማረካት ይሄ ነበር። ወንዝ ዳር ከተጣለች ጀምሮ ተጋድመው የነበሩት ጆሮዎቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ።

«ምን ልስጥህ? ምንም የለኝም እኮ።»

ቀበሮ ከላይ እስከ ታች አያት። «ጋማሽ ያምራል። ለመኝታዬ ይሆነኛል።»

«ጋማዬ አንገቴን ከብርድ ይጠብቅልኛል...»

«ጋማ ተመልሶ ይበቅላል፣ እህት ዓለም። ጀርባ ግን አንድ ነው።»

ጋማዋን ቆርጦ ወሰደ። መደርደሪያውንም ከመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጠፈላት። በማግስቱ ጨዉ ደረቅ ሆኖ ጠበቃት። ቅሉ እንደቆመ አደረ። ንጹሕ ቅባት ቀባች። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ቀለል አላት፤ በሳምንቱ ቁስሉ ዳር ዳሩን መጥገግ ጀመረ። እየታጠበች ቀና ብላ መደርደሪያዋን ታያለች። በሰው ቤት የራሷ የሆነ አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጅብ ግን ሲያየው ደነገጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መደርደሪያ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ችንካሩ የት አለ?»

«የለውም።»

«ቀዳዳውስ?»

«የለውም። ያሽትቱት።»

ጅብ ከላይ አሸተተ፤ ከታች አሸተተ። የቅቤው ሽታ አናቱ ድረስ ወጣ፤ ቀዳዳ ግን አጣ። በንዴት ወጥቶ ቀበሮን ጎሬው ድረስ ሄዶ ያዘው። ቀበሮ በአህያዋ ጋማ ላይ ተኝቶ ነበር።

«አንተ ሌባ! ምሳዬን አዳንክብኝ!»

«ቀስ በል፣ አያ ጅቦ። ግድግዳህ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከግድግዳ ነዋ!»

«ከላይ ጭቃ ነው፤ ከውስጥ አለት። ሙጫዬ የያዘው ጭቃውን ነው። ጭቃውንስ የያዘው ማን ነው?»

ጅብ ብዙ አሰበ። ማሰብ አይሆንለትምና ራሱን አከከ። «አባቴ!»

ቀበሮ በረጅሙ ተነፈሰ። «አባትህ ሞቷል። ማንም አልያዘውም። ክረምት ነው፤ ቤቱ መታጠቢያ ነው፤ ምርጉ በየቀኑ እየራሰ ነው። አንተ ብቻ ጠብቅ። ጣት የምታህል ቀዳዳ ስትፈልግ ኖረሃል፤ ሰፌድ የሚያህል ይመጣልሃል። ሲመጣ ግማሹ ሥጋ የኔ ነው።»

«ግማሹን እሺ» አለ ጅብ። የትኛው ግማሽ እንደሆነ አልጠየቀም።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ አላባራ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ያልበው ጀመር። አህያዋ ላቡን አይታለች፤ ግን የምታየው መደርደሪያውን ነበር፤ መደርደሪያው ደግሞ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ጠዋት ጀርባዋን ስትታጠብ ከኋላዋ ዷ አለ። ስትዞር መደርደሪያው ወድቋል። ጨዉ ፈሷል። ቅሉ ለሁለት ተሰንጥቆ ቅባቱ ሳንቃው ላይ ተደፍቷል። ሙጫው አልለቀቀም ነበር። የለቀቀው ምርጉ ነው። ሰፌድ የሚያህል ጭቃ ከሳንቃው ጀርባ እንደተጣበቀ ከአለቱ ተገንጥሎ ወርዷል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጥቁር ቀዳዳ አፉን ከፍቷል።

አህያዋ ከመሬት ጭቃ በአፏ እያነሳች ቀዳዳውን መድፈን ጀመረች። ጭቃው ውሃ በዝቶበት ይወርዳል። እንደገና ትደፍናለች፤ እንደገና ይወርዳል። በዚህ መካከል የጅብ ኮቴ ተሰማ። ያላት ነገር ጀርባዋ ብቻ ነበር። ዞረችና ጭቃውን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች፤ ሊድን ጥቂት በቀረው በዚያ ቁስል።

«ዛሬም የለም?» አለ ጅብ።

«የለም... አያ ጅቦ።»

«ለምን ተለጥፈሽ ቆምሽ?»

«ደክሞኝ ነው። ትንሽ ተደግፌ ነው።»

ጅብ በስተቀኝ አሸተተ። በስተግራ አሸተተ። የወደቀውን ሳንቃ እንኳ ተራምዶት አለፈ፤ እሱ የሚፈልገው ቀዳዳ ነበርና። ሊወጣ ፊቱን ካዞረ በኋላ የደም ሽታ ሸተተው። ከአህያዋ ጀርባ ቀይ ጭቃ በእግሮቿ መካከል ይወርድ ነበር። ጭቃው አዳለጣትና ተንሸራተተች፤ የደገፈችው ሁሉ ተናደ።

«አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «አገኘሁት! ጌታዬ አያ አንበሶ! አገኘሁት!»

ሳንቃውን በማስረጃነት እየጎተተ፣ አህያዋን ከፊት እየነዳ አንበሳ ዘንድ ሄደ። አንበሳ ከራሱ ዋሻ ደጅ ተጋድሞ ዝናቡን ያያል። ቀበሮም ሳይጠሩት ደርሷል።

«ግድግዳው ተበስቷል?» ሲል ጠየቀ አንበሳ።

«ተበስቷል» አለች አህያዋ። «ግን እኔ አልበሳሁትም፣ ጌታዬ። ሙጫው ነው ይዞት የወረደው። አያ ቀበሮ ቀዳዳ የለውም ብሎኝ ነበር።»

«ዋሽተሃል?» አለ አንበሳ።

«በጭራሽ፣ ጌታዬ!» አለ ቀበሮ። «ሲሰቀል ቀዳዳ ነበረው ወይ? አልነበረውም። ሙጫዬ ለቀቀ ወይ? አሁንም ይዟል፤ ይመልከቱት። እሷ ስለ መስቀሉ ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት። ስለ መውረዱ አልጠየቀችኝም።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «ውሉ ማን ቢበሳ ይላል?»

«እሱን አይልም፤ ቀዳዳ ከተገኘ ነው የሚለው!» አለ ጅብ እየዘለለ።

«እውነቱን ነው» አለ አንበሳ። «ጥፋተኛ አይደለሽም፣ አህያ። ውሉ ግን ፈርሷል።» ይህን ብሎ ተነሣና ወደ ውስጥ ገባ። የሚሆነውን ማየት አልፈለገም።

ቀበሮ «ያዛት!» አለ።

ጅብ አህያዋን አየ። ሳንቃው ላይ የተደፋውን ቅቤም አየ። «ሥጋው የትም አይሄድም» አለና መጀመሪያ ቅቤውን ላሰ። ላሰና ጭቃው ጋ ደረሰ። ጭቃውን ገፍቶ ሙጫው ጋ ደረሰ። የምላሱ ሙቀት ሰሙን አላልቶት መንጋጋው ከሳንቃው ጋር ግጥም አለ።

«እምምም!» አለ ጅብ።

«ያዛት አልኩህ እኮ፣ ሆዳም! አህያዋ ሄደች!» እያለ ቀበሮ ዙሪያውን ሮጠ። ብቻውን ግን አህያ የሚይዝ ጉልበት አልነበረውም።

አህያዋ አልሮጠችም፤ አትችልም ነበር። እያነከሰች ወንዙ ዳር ደረሰች፤ ገባች። ድፍርሱ ውሃ ደሟን አጥቦ ወሰደው። ከብዙ ትግል በኋላ ማዶ ወጣች።

በወዲያኛው ዳር ዋሻ አልነበረም። ዝናቡ ጋማ በሌለው አንገቷ ላይ ይወርዳል፤ ቁስሉ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ተከፍቷል። አልተበላችም። ያገኘችው ይህን ብቻ ነበር። ጆሮዎቿን ጥላ ወደ ዝናቡ ውስጥ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ አየኋት ያለ የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሰቀል ብቻ ሳይሆን ሲወርድ ምን ይዞብን እንደሚወርድም አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።