አብረው ይጫወቱ ነበር

አንድ ፀጉር አስተካካይ በአንዲት ሐይቅ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዘውገ ይባላል። ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ አንድ ልጁን ያፌትን ብቻውን አሳደገ። አባትና ልጅ ብዙ አያወሩም። ያፌት ከትምህርት ቤት ሲመለስ በፀጉር ቤቱ በር ብቅ ብሎ «አባ፣ መጣሁ» ይላል፤ ከዚያም ወደ ጌም ቤት ይሄዳል። ዘውገ ቀና ሳይል «እንዳትቆይ» ይለዋል። ፍቅራቸው ይኸው ነበር።

ያፌት ወጣትነቱን በወጉ ሳይጀምር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሰፈሩ መንገድ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። የወጋው ሱራፌል የሚባል የዚያው ሰፈር ልጅ፣ የልብ ጓደኛው ነበር። ሱራፌል አላመለጠም። ፖሊስ ሲደርስ ጓደኛውን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘው።

በማግስቱ ምንተስኖት የሚባል የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ወደ ሰፈሩ መጣ። የዜናው ሰዓት ስለደረሰ ተጣድፏል። የሱራፌልን ጎረቤቶች «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «ከጌም ቤት አይጠፋም፤ ያንን የተኩስ ጨዋታ ይወዳል» አለ። ሌሎቹም ሸክም እንደወረደላቸው ሁሉ «አዎ፣ እሱ ነው፣ ጌሙ ነው» እያሉ ተቀባበሉት። ጋዜጠኛው ሌላ አልጠየቀም። ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮው «ከጨዋታ ወደ ግድያ» የሚል ዜና አሰማ። ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ ጌም ቤቶች ታሸጉ፤ ወላጆች የልጆቻቸውን ስልክ ቀሙ። ከተማዋም እፎይ አለች።

ዘውገ ግን እፎይታን አላገኘም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች «ምክንያቱ እንኳ ታውቋል፤ ያ ጌም ነው ልጅህን የበላብህ» እያሉ ያጽናኑታል። እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። ሰዎቹ ሲሄዱ ናፍቆቱ ይመጣል። ዘውገ የናፈቀው ምክንያት አልነበረም፤ ልጁን ነበር። ልጁ በመጨረሻዋ ሰዓት ምን ብሎ ነበር? ፈርቶ ነበር? አባቱን ጠርቶ ይሆን? የሚነግረው አልነበረም። ሥራ ከጀመረ በኋላም መቀሱን እንደያዘ ዓይኑ በሩ ላይ ይቀራል። ደንበኛው «ጋሽ ዘውገ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?» ሲለው፣ «የለም» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

በመጨረሻ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ወደ ማረሚያ ቤት ሄደ። ልጁን መጨረሻ ላይ ያየው ሰው እዚያ ነበርና።

ሱራፌል ሲያየው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ልረግምህ አልመጣሁም» አለው ዘውገ። «ልጄ ምን ብሎህ ነበር? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ሱራፌልም፣ «ፖሊሶቹ ማን እንደወጋው ነው የጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ።

ከዚያም ነገረው። የእንጀራ አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ይደበድበው ነበር። ጎረቤቶች ጩኸቱን እየሰሙ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። የዚያን ዕለት ሰውየው እናቱን ራሷን እስክትስት ደበደባትና ወደ መጠጥ ቤት ሄደ። ሱራፌልም ጩቤ ይዞ ሊገድለው ወጣ። ያፌት መንገድ ላይ አገኘውና ፊቱን አይቶ ብቻ ነገሩ ገባው።

«እጄን ያዘኝ» አለ ሱራፌል። «‹ወደ እኛ ቤት እንሂድ። እናትህንም እናምጣት። አባቴ ወሬ አይችልበትም እንጂ በሩን አይዘጋባችሁም› አለኝ። ልቀቀኝ ብለው እንቢ አለ። ታገልን። ጩቤው… ጋሼ፣ እሱን ልወጋ አልነበረም። ሲወድቅ እንኳ እጄን አልለቀቀም።»

ዘውገ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ልጁ አባቱን ይህን ያህል ያውቀው እንደነበር አያውቅም ነበር።

ከማረሚያ ቤቱ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው አመራ። ምንተስኖትን አስጠርቶ የሰማውን ሁሉ ነገረው።

«ጋሼ፣ በልጅዎ በጣም አዝናለሁ» አለ ጋዜጠኛው። «ግን ሱራፌል ጌም ቤት ያዘወትር ነበር ነው ያልኩት። ይህ ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። የእኔም ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ያንኑ ጨዋታ ይጫወት ነበር። አብረው ነው የሚጫወቱት። አንዱ ጩቤ ያዘ፤ ሌላው ጩቤ የያዘውን እጅ ያዘ። ጨዋታው ያስተማረው የትኛውን ነው?»

«ጎረቤቶቹ ሌላ ነገር አልነገሩኝም» አለ ምንተስኖት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሌላ አልጠየቅካቸውማ። አንተ ጥፋቱን ጌሙ ላይ ስትጥለው እነሱም ተገላገሉ።»

ጋዜጠኛው ከልቡ አፈረ። እውነቱንም አጣርቶ በሬዲዮ ተናገረ። ነገር ግን የፊተኛውን ዜና የሰማችው ከተማ የኋለኛውን አልሰማችም። ከሰሙት መካከልም አንዳንዶቹ «ቢሆንም ጌሙ ሳይኖርበት አይቀርም» አሉ።

ዘውገ ግን ልጁ የገባውን ቃል ሰምቷል። የሱራፌልን እናት ከዚያ ቤት አውጥቶ በራሱ ግቢ ውስጥ ወዳለች ክፍል አስገባት። የሰፈሩ ሰው ጉድ አለ። «የልጅህን ገዳይ እናት?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ልጄ ነው የጋበዛት» አላቸው።

ወደ ማረሚያ ቤትም መመላለስ ጀመረ። ይቅር ብሎት እንደሆነ ሲጠይቁት «እኔ እንጃ» ይላል። ምግብ ይዞ ይገባና ከሱራፌል ፊት ለፊት ይቀመጣል። ስለ ጩቤው አያነሳም።

«ልጄ ሲጫወት እንዴት ነበር?» ይለዋል።

«ሲያሸንፍ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያምርም ነበር» ይላል ሱራፌል። «ሲሸነፍ ደግሞ ‹አንዴ እንጫወት፣ አንዴ ብቻ› እያለ ይለምነኛል።»

ዘውገም ይስቃል፤ እየሳቀ ዓይኑን ይጠርጋል። ከዚያ ወንበሩን ወደ ፊት ያስጠጋና «እስቲ ይህንኑ ድገምልኝ» ይለዋል።

ወዳጄ፣ የቸኮለ መልስ ከውሸት ባልተናነሰ እውነትን ይቀብራል። «ጥፋቱ የጨዋታው ነው» የተባለ ዕለት የአንዱ ልጅ ስቃይም የሌላው ልጅ ጀግንነትም አብረው ተቀበሩ፤ መስኮታቸውን የዘጉትም ተጠያቂ ሳይሆኑ ቀሩ። ክፉ ወሬ ሰምተን ምክንያቱ ሲነገረን እፎይ የምንለው እውነቱን ስላገኘን ነው? ወይስ ጥያቄው ወደ እኛ ሳይመጣ ስለቀረ?