የፊታውራሪው እርማት

ባላገሩን ለለውጥ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ እየጻፈ በየወፍጮ ቤቱ ደጅ የሚለጥፍ አንድ ገበሬ ነበር። የመጨረሻው ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የፊታውራሪ ጥሶ ጎተራ ሞልቶ ሳለ የአራሹ ልጅ በረሃብ ሞተች። እህል የሚያበቅል ሰው የእህሉ ባለቤት እስኪሆን ድረስ ገና ብዙ ልጅ እንቀብራለን።»

የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ ጥሶ ይህን ሰምተው በገበያ ቀን አስጠሩት። ከሕዝቡ መሐል ምንጣፍ አስነጥፈው፣ ጃንጥላ አስይዘው ተቀምጠዋል።

«ስማ አንተ ነገር ጫሪ፣» አሉት። «በእኔ ግዛት በረሃብ የሞተ ሰው የለም። ቢኖር ይነገረኝ ነበር።»

«ልጄ ስትደክምብኝ ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ፣ ጌታዬ። ሦስቱንም ቀን ማዕድ ላይ ናቸው ተባልኩ።»

ከሕዝቡ አንዳንዱ ሊስቅ ቃጣውና የዘበኞቹን ጠመንጃ አይቶ ተወው።

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ በተስቦም ይሞታል። በል አሁን እዚሁ ሕዝቡ ፊት፣ ረሃብ ያልከውን ፍቀህ ተስቦ ብለህ እርማት አውጣ። እምቢ ካልክ ወህኒ ትወርዳለህ።»

ጸሐፊያቸው ወረቀትና ብዕር አቀረበለት። ሰውየው ብዕሩን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም እጆቹን ለዘበኞቹ ዘረጋ።

«እርማትማ ለሚታረም ሰው ነው፣ ጌታዬ። እኔ ልጄን የቀበርኩ ለት የእርስዎንም እርም አብሬ አውጥቻለሁ።»