የእማሆይ ዳገት

ሞጆ ውስጥ አንድ ሰው ድግሱን ብቻውን ተወጥቶ፣ ድንኳኑንም ወጥ ሠሪውንም ከሩቅ ተከራይቶ፣ «ጎረቤት ላስቸግር አልፈለግሁም» ያለ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና አንዲት ተረት ጣል ያደርጋሉ። ተረቷ ስለ መኪና ናት። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ «ድግስንና መኪናን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ግራ ይጋባል። ያገናኛቸው አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ነው።

ላንድሮቨሩ የጋሽ ወንድይፍራው ነበር። ዕድሜውን በመንገድ ሥራ ሹፌርነት ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ ሲነዳው የኖረውን መኪና ጨረታ ላይ አገኘውና ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት አንጀቱ እምቢ አለ፤ ገዛው። ቀለሙ አመድማ፣ ሳሉ የማያባራ፣ ዳገት ባየ ቁጥር የሚሰግድ ነበርና ጓደኞቹ «እማሆይ» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ከወጣ በኋላ እንደ ተራ መኪና «አንቺ» ማለት ነውር ሆነ። ጠዋት ሲገናኙ «እማሆይ እንዴት አደሩ?» ይባላል። ውኃው ሲፈላ «እማሆይ ጠምቷቸዋል» ይባላል። ጎማ ሲተነፍስ ደግሞ «እግራቸውን አሟቸዋል»።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማሆይ አራት ሰው ጭነው ወደ ቆቃ ሐይቅ አሳ ለማጥመድ ይወርዳሉ። ጭነው ይባል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሚሸከሟቸው አራቱ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ልብስ ሰፊው ሐጂ ኑሪ ከፊት ይቀመጣሉ። የእሳቸው በር መዘጋት ከተወ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሰፊ የቆዳ ቀበቷቸውን ፈትተው በእጀታው ያሾልኩና መንገዱን ሙሉ እንደ ኮርማ ገመድ ወጥረው ይዘውት ይሄዳሉ። ክላክሱ የቱፋ ነው። ቱፋ ድሮ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር፤ ፊሽካው አሁንም አንገቱ ላይ አለች። አህያም ፍየልም መንገድ ሲዘጋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይነፋል፣ ያገሩ አህያ ሁሉ ባቡር የመጣ መስሎት ገደል ይገባል። ነዳጁ ደግሞ የጸጉር አስተካካዩ የጎሳዬ ነው። ፓምፑ ስለማይሠራ ቤንዚኑ በጀሪካን ሆኖ በቀጭን ላስቲክ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፤ ጎሳዬ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ ይዞ፣ መንገዱ ሽቅብ ሲሆን እንደ ሐኪም ቤት ግሉኮስ ከፍ ያደርገዋል። ጎሳዬ ሲያንቀላፋ እማሆይም ያንቀላፋሉ።

አስፋልቱን ለቀው ወደ ሐይቁ ሲታጠፉ አንድ ዳገት አለ። ለሌላ መኪና ዳገት አይባልም። እማሆይ ግን ካልተገፉ ከዚያ አልፈው አያውቁም፤ ልክ ግራሯ ሥር ሲደርሱ ትንፋሻቸው ይቆማል። ግራሯ ሥር አዴ ቡልቱ የሚባሉ አሮጊት ሸንኮራ ይሸጣሉ። አራቱ ይወርዳሉ፣ ሸንኮራ ይገዛሉ፣ እየመጠጡ «ባለፈው ሳምንት አንተ አልገፋህም፣ ተደገፍክ እንጂ» እየተባባሉ ይነታረካሉ፣ ከዚያ ጎሳዬ ከነጀሪካኑ መኪናው ውስጥ ሆኖ የቀሩት ይገፋሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ሳይቀር በመስኮት መሪውን ይዞ ይገፋል። እማሆይ እየሳሉ ጫፍ ሲወጡ አራቱም እንደ ልጅ ይስቃሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ ደስታ አልነበረውም። ሰኞና ማክሰኞን የሚያሳልፈው ቅዳሜን እያየ ነው። ቅዳሜ ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠው እንደነበር እንጃ።

አንድ ቅዳሜ ልጁ ብስራት ከአዲስ አበባ መጥቶ አብሯቸው ሄደ። ብስራት ጥሩ ሥራ የያዘ፣ አባቱን የሚወድ፣ ግን ችኩል ልጅ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ ነበር። ዳገቱ ላይ ጉልበቱን ከሚያመው ከቱፋ ጎን ሆኖ ሲገፋ የላም እበት ውስጥ ተነከረ። ጫማው አላስቆጨውም፤ ያስቆጨው ሐጂ ኑሪ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሲገፉ ማየቱ ነው። ሐይቁ ዳር አባቱን ለብቻው ጠራው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ምን በደሉህ?»

«ምን ሆኑ?»

«በዚህ ዕድሜያቸው መኪና ታስገፋቸዋለህ!»

«አንድም ቀን አማርረው አያውቁም እኮ።»

«ይሉኝታ ይዟቸው ነዋ። እኔ ልጅህ እያለሁ ይሄ ነውር ነው። አንድ ወር ብቻ ስጠኝ፣ አሳድሼ አመጣልሃለሁ። ለእኔ የደከምከውን ሁሉ የምመልስልህ በምንድን ነው?»

ጋሽ ወንድይፍራው እማሆይን አያቸው። ፀሐይ ላይ ቆመው ውኃ ያንጠባጥባሉ። እምቢ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን የልጁ ዓይን እንባ ያቀረረ መሰለውና የልጅ ስጦታ አይመለስም ብሎ ቁልፉን ሰጠው።

በወሩ መኪናዋ መጣች። አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ አዲስ ቆዳ ለብሶ፣ የአሳ ሽታዋ ሳይቀር ታጥቦ። ሞተሯ መነሣቱ የሚታወቀው እጅ ሲያስነኩት ብቻ ነው። ጓደኞቹ ዞረው ዞረው አዩዋት፣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። «እማሆይ» ያላት ግን አልነበረም። ምንኩስናዋን ያፈረሰች ትመስል ነበር።

በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ሐጂ ኑሪ ገብተው ቀበቷቸውን ለመፍታት እጃቸውን ወገባቸው ላይ ሲያደርጉ በሩ ጥርቅም አለ። ቀበቷቸውን መልሰው አጠበቁ። መንገድ ላይ አህያ ሲመጣ ቱፋ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ጋሽ ወንድይፍራው ሳያስበው ክላክሱን ተጫነው። ቱፋ ፊሽካውን አውጥቶ በመሐረቡ ጠረገና ኪሱ ጨመረው። ጎሳዬ ደግሞ እጁን የት እንደሚያኖር ጨንቆት፣ ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ዳገቱን ሳያውቁት አለፉት። አዴ ቡልቱ ሸንኮራ ይዘው እንደቆሙ አቧራ ዋጣቸው።

አጥምደው ተመለሱ። ሲለያዩ ሐጂ ኑሪ «አስቸገርንህ፣ ወንድይፍራው» አሉ። ቱፋም «እግዜር ይስጥልን» አለ። ስንት ዘመን አብረው ሲሄዱ እንዲህ ተባብለው አያውቁም። ነገሩ ጋሽ ወንድይፍራው ጆሮ ላይ ቀረ፣ ግን ምን እንደሆነ አልገባውም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጎሳዬን ጉንፋን ያዘው። በሌላኛው ቱፋ የዕድር ስብሰባ አለብኝ አለ። ቆይቶ ሐጂ ኑሪም ቀሩ። ጋሽ ወንድይፍራው ቤታቸው ድረስ ሄዶ በስፌት መኪናቸው ጨርቅ ሲሰፉ አገኛቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎም?»

ሐጂ ኑሪ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ። «አልዋሽህም፣ እንደነሱ ጉንፋን አልልህም። ድሮ ስሄድ በር ይዤ ነው። አሁን ምን ይዤ ልሂድ?»

«ባዶ እጅዎን ይምጡ፤ ምን ቸገረዎት?»

«ባዶ እጁን የሚሄድ እንግዳ ነው፣ ልጄ። እንግዳ ደግሞ በየሳምንቱ አይሄድም።»

ብቻውን ሄደ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ቅቤ ስትወጣው እሱ ፍሬን ያዘና ከልማዱ ግራሯ ሥር ቆመ።

አዴ ቡልቱ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ውስጡን አዩ። «ሰዎቹን የት ጣልካቸው?»

«ቀሩ፣ አዴ።»

«ተጣላችሁ?»

«ብንጣላ ይሻል ነበር፤ እንታረቅ ነበር።»

ሸንኮራውን ገዝቶ ሳይመጥጠው ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ሐይቁ ዳር መንጠቆውን ጣለ። ያን ቀን ደግሞ፣ ዕድል ስታሾፍ እንዲህ ናት፣ በሕይወቱ ይዞት የማያውቀውን አምባዛ ያዘ። ክንዱን ያህላል፣ ጢሙ የሐጂ ኑሪን ያስንቃል። እየታገለ ጎትቶ አወጣውና «አያችሁ!» ብሎ ዞረ። ከኋላው አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቆሞ ነበር። ወፉ አንገቱን ሰብሮ አየው። ጋሽ ወንድይፍራው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ወደ ከተማ ሲመለስ አሳውን ይዞ በቀጥታ ቱፋ ቤት ሄደ። ቱፋ ከላይ እስከ ታች ለካው። «ቆንጆ ነው። ከማን ገዛኸው?»

«ያዝኩት እንጂ!»

«ምስክር አለህ?»

ምስክር አልነበረውም። ያ ሁሉ አምባዛ ምስክር በማጣት ብቻ የገበያ አሳ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ወንድይፍራው እቤቱ ገብቶ ሲያስብ፣ ሲያስብ ቆየና፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፒንሳና ካቻቪቴውን ይዞ ወደ መኪናዋ ወጣ። ልጁ በፍቅር ያሳደሰውን በፍቅር ፈታው። የሐጂን በር መያዣ ነቀለ። የክላክሱን ሽቦ በጠሰ። የፓምፑን ላስቲክ አውልቆ አሮጌውን ቀጭን ላስቲክ አስገባና ጀሪካኑን ከጓዳ አመጣ። ሲጨርስ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አየ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወንድይፍራው ከሐጂ ኑሪ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። «ሐጂ፣ እማሆይ ታመዋል።»

ሐጂ ኑሪ ቀና ብለው አዩት። «ምናቸውን?»

«በራቸው አልዘጋ አለ። ድምፃቸውም ተዘግቷል። እህልም ካልተያዘላቸው አይወርድላቸውም።»

«አላህ ይማራቸው» አሉ ሐጂ ኑሪ፣ ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር እየተንቀሳቀሰ። «እንግዲህ በሽተኛ አይጣልም፤ ቀበቶዬን ላምጣ።» ቱፋ ዘንድ ሲደርሱ ፊሽካዋ አንገቱ ላይ ነበረች፤ ጀሪካኑን ያየ ጊዜ የጎሳዬ ጉንፋንም ለቀቀው።

መንገዱን ሁሉ ሐጂ በሩን ወጠሩ፣ ቱፋ አህያ የሌለበትም ቦታ ነፋ፣ ጎሳዬ ትከሻው ደነዘዘና ደስ አለው። ግራሯ ሥር ሲደርሱ ጋሽ ወንድይፍራው ጣቱን ሰደድ አድርጎ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። እማሆይ ትንፋሻቸው ቆመ። ቱፋ ሰርቆ ቁልፉን አየና አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ውረዱ እንግዲህ» አለ፣ «የለመደባቸውን ነው።»

ሸንኮራቸውን ጨርሰው እየገፉ ሳለ ከኋላቸው አንዲት ትንሽ መኪና መጥታ ቆመች። ብስራት ነበር። ወደ ሐዋሳ ለሥራ ሲያልፍ አባቱን ድንገት ላየው ብሎ ቤት ገባ፣ ጎረቤት ሐይቅ ወርዷል ሲለው ተከትሎ መጣ። ያየውን ማመን አቃተው፤ ያሳደሳት መኪና ስትገፋ፣ ሐጂ ኑሪ ዳግመኛ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው።

«አታለሉኝ! ጋራዡን አልለቀውም!» ብሎ ሮጦ ኮፈኑን ከፈተው። የፓምፑ ላስቲክ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። የክላክሱ ሽቦ በጥንቃቄ ታስሯል። ጎንበስ ብሎ በመስኮት ቢያይ ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሯል። ቀስ ብሎ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ መሬት መሬት አየ። «ስጦታህን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ» አለ። ሐጂ ኑሪ ቀበቷቸውን ያጠብቃሉ፣ ቱፋ ፊሽካውን ይጠርጋል፣ ጎሳዬ ከነጀሪካኑ ከውስጥ አንገቱን አውጥቶ ያያል።

«ታዲያ ለምን?» አለ ብስራት። «ምን አጎደልኩ?»

አዴ ቡልቱ አንድ ሸንኮራ ላጡና እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ምንም አላጎደልክም፤ ያጠፋኸው ምንም አለማጉደልህ ነው» አሉት። «እኔ ከዚህች ግራር አልነቃነቅም፣ የሚያልፈውን ሁሉ አያለሁ። ያንተዋ መኪና ይህን ዳገት ስትበር አይቻታለሁ፤ ውስጧ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ሸንኮራዬን ሳይመጥጥ ሄደ። ዛሬ ቁጠራቸው እስቲ፤ ከዚያ ጫማህን አውልቅና በዚያ በኩል ያዝ፤ ግፉኝ የማትል መኪና ብቻዋን ትሄዳለች።»