ሐጂ ሙሄና ሃያው ኮርቻ

የነገሩኝ ሰዎች በከተማዋ ስም አይስማሙም፤ አንድ መስጊድና ሰፊ የበቅሎ ማሰሪያ እንደነበራት ግን ሁሉም ይናገራሉ። በዚያች የጥንት ከተማ ሐጂ ሙሄ የሚባሉ የማር ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ከማራቸው ይልቅ የሚታወቁት በምስክርነታቸው ነው። ላስረዳ፦ በዚያ ዘመን ከሩቅ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ገበያውን ዞሮ ዕቃ አይመርጥም። ያረፈበት ቤት ባለቤት «ከእገሌ ግዛ» ይለዋል፤ ይገዛል፤ አለቀ። እንግዳው የእጅ ባለሙያውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ያሳደረውን ሰው ነው። ታዲያ የአንድ ሰው አፍ የስንቱን ሱቅ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ እስኪ አስቡት!

አንድ ቀን ሚፍታህ የሚባል የሲራራ አለቃ ሐጂ ሙሄ ቤት አረፈ። መንገዱ ወደ በረሃ ነው፤ ሃያ የጭነት ኮርቻ ይፈልጋል። ወሬው ወዲያው የሐጂ አማች ሸምሱ ጆሮ ደረሰ። ሸምሱ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ከረመዷን ወዲህ ግን ሱቁን የረገጠ ደንበኛ የለም። ሱቁን ዘግቶ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ቆላ ሊወርድ ቆርጧል። ሚስቱ ደግሞ የሐጂ አንዲት ልጅ ናት።

«አባ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንዎት» አለ። «‹ከሸምሱ ግዛ› ይበሉት። የልጅ ልጆችዎ እዚሁ ደጅዎ ላይ ይደጉ።»

ሐጂ «ድብዳብህ ተስተካክሏል?» ሲሉ ጠየቁት። ድብዳብ ከኮርቻው ሥር የበቅሎዋን ጀርባ የሚነካው ሙሌት ነው።

«ስፌቴን ማን ይደርስበታል፣ አባ!»

«ስፌትህን መች ጠየቅሁህ?»

ሸምሱ አቀረቀረ። ያልደረቀ ሣር ስለሚሞላበት ድብዳቡ ይጓጉላል፤ በሦስተኛው ቀን በቅሎዋ ትገጠባለች፣ ጀርባዋ ይላጣል። በረሃ መሃል የተገጠበች በቅሎ ጭነቷን ይዛ ትቀራለች፤ አንዳንዴም ከነባለቤቷ።

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሐጂ እንግዳቸውን ጠሩት። «ከጡሃ ግዛ። በድብዳብ የሚያህለው የለም። ሸምሱ የሚባልም አለ፤ የልጄ ባል ነው፤ ስፌቱ ጥሩ ነው፣ ድብዳቡ ግን ገና ነው» አሉት።

ሚፍታህ ተገረመ። «ሐጂ፣ ይሄን ባይነግሩኝስ? እኔ የት አውቄ!»

«ስለማታውቅ አይደል የጠየቅኸኝ?»

አሁን እኔን የሚደንቀኝ ይመጣል። ሐጂ መስክረው ቁጭ አላሉም፤ ዱላቸውን አንስተው ወደ ጡሃ ቤት ሄዱ። ጡሃ እኩያቸው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሐጂን ልጅ ለወንድ ልጁ ጠይቆ፣ እሳቸው ለሸምሱ ስለዳሯት ተቀይሟል። ሰላምታቸውን ይመልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጡሃ። ሃያ ኮርቻ የሚፈልግ ሰው ወደ አንተ ልኬያለሁ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ምነው፣ አማችህ እጁ ተሰበረ እንዴ?»

«የለም። ድብዳብ አያውቅም። አስጠግተህ እንድታስተምረው ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

ጡሃ ወስፌውን አስቀመጠ። «ለእኔ ልጅ እምቢ ብለህ ልጅህን የዳርክለትን ሰው፣ እኔው ሙያ ላስተምርልህ?»

«አዎ።»

«እምቢ ብልስ? ሥራውን ትከለክለኛለህ?»

«ሥራውማ ያንተ ነው፤ ለሰውየው ነግሬዋለሁ። እምቢ ካልክ እንደመጣሁ እመለሳለሁ።»

ጡሃ ሳቅ አመለጠው። «ያ ረቢ! መጀመሪያ እኔን እሺ አሰኝተህ ነበር ሥራውን መስጠት! ዕድሜህን ሙሉ ነግደህ ንግድ አልገባህም።» ወስፌውን መልሶ አነሳና «ነገ ንጋት ላይ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ ይምጣ። ስፌቱን እሱ፣ ድብዳቡን እኔ። ሣሩ ሳይደርቅ ከሞላ ግን ጆሮውን ይዤ አመጣልሃለሁ» አለ።

ሸምሱ ከተማዋን አልለቀቀም። አንድ ቀን ግን «አባ፣ ያኔ አንዲት ቃል ነፍገውኝ፣ ለእኔ ብለው ከተቀየመዎት ሰው ደጅ እንዴት ቆሙ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሐጂም «ፊቴ የእኔ ነው፤ ለዘመድ እሰጠዋለሁ። ምስክርነቴ ግን የጠየቀኝ ሰው አማና ነው፤ አደራው ነው» አሉት።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ዝምድናን መቀጠል ግዴታችን ነው፤ ዘመድን መጥቀም ኸይር ነው፤ ታዲያ ሐጂ ቃላቸውን ለምን ሰሰቱ? እንደገባኝ፣ ዘመድ መርዳትንና ምስክርነትን የምንቀላቅለው እኛ ነን። ዛሬም ሰው ደውሎ «ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ታውቃለህ?» ሲለን የአክስታችንን ልጅ ቁጥር እንልካለን፤ ውኃው የሚያፈሰው በሌላ ሰው ቤት ነው። የአክስታችንን ልጅ ከወደድነው ግን ጎበዙ ባለሙያ ዘንድ ሄደን «ይህን ልጅ አስጠጋልኝ» ማለት እንችላለን። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ሐጂ ሙሄ ለዘመድ የከፈሉት ያችኑ እፍረት ነው።