ሦስቱ ቅሎችና ባለ አንድ አፉ ጋን

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምታኝኩትን ዳቦ ዋጡና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ጅብ ማነከስ ሳይጀምር፣ እንቅልፍ የሚወድ ንጉሥ ነበረ። በር የሚወድ አጋፋሪ ነበረ። ወሬ የማትወድ ሸክላ ሠሪም ነበረች።

የንጉሡ ስም ይቅር፤ ተኝቶ ስለኖረ ራሱም ብዙ አልተጠቀመበትም። አጋፋሪው ቢሻው ይባላል። ሥራው ባለጉዳይን ንጉሡ ዘንድ ማስገባትና ማስወጣት ነው፣ በተለይ ማስወጣት። ሸክላ ሠሪዋ አንጓች ትባላለች። ከወንዝ ማዶ ካለች ጉብታ ቀይ አፈር ታመጣለች፤ ትረግጣለች፣ ትጠፈጥፋለች፣ ትተኩሳለች። እናቷም አያቷም ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከዚያችው ጉብታ እየቆፈሩ ነው።

ንጉሡ ሦስት የሚናገሩ ቅሎች ነበሩት። አዎ፣ ቅል። ምን ያስቃችኋል? ከናንተስ መሀል ራሱ ባዶ ሆኖ የሚናገር የለም?

አንደኛው ቅል ደብዳቤ ያሳምራል። ሁለተኛው የሰማውን ሁሉ ያስታውሳል። ሦስተኛው ሕግ ያውቃል። በሚያውቁት ጎበዞች ነበሩ። ግን ሦስቱም አንድ ጉድለት አለባቸው፤ «አላውቅም» ማለት አይሆንላቸውም። የማያውቁትን ሲጠየቁ ከየትም አምጥተው ይመልሳሉ፣ ያውም ሳይንተባተቡ።

ሰዉ ይህን ስለሚያውቅ ዘዴ ነበረው። ቅሎቹ የሚኖሩት በየጎጆአቸው ነው። ምስክር ለየብቻው እንደሚሰማ ሁሉ፣ ከባድ ነገር ሲመጣ ሦስቱም ለየብቻ ይጠየቃሉ። ቃላቸው ከገጠመ ይታመናል። ካልገጠመ «ቅል ነው፣ ተወው» ይባላል።

ችግሩ ድካሙ ነው። የአንደኛው ቅል በር ሰባት ጊዜ ካልተንኳኳ አይከፈትም። የሁለተኛው የይለፍ ቃል አለው፣ ቃሉም በየወሩ ይለወጣል። ሦስተኛው አያት ቅድመ አያትህን ካልቆጠርክለት ዞር ብሎ አያይህም። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ከጎጆ ጎጆ ሲሮጡ ተረከዛቸው ተሰነጠቀ። የይለፍ ቃሉ ጠፍቶባቸው በር ላይ ቆመው የሚያለቅሱም ነበሩ።

አንድ ቀን ቢሻው ንጉሡ ፊት እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ ሦስት ጎጆ ለምን? ሦስት በር ለምን? ሦስት ዓይነት ደጅ ጥናት ለምን? ቅሎቹን አንድ ጋን ውስጥ እንክተታቸው። ባለጉዳይ በጋኑ አፍ ይጠይቃል፣ በጋኑ አፍ መልሱን ይሰማል። አንድ ጋን፣ አንድ አፍ፣ አንድ በረኛ።»

«በረኛው ማን ነው?» አለ ንጉሡ እያዛጋ።

«ማን ይኖራል ጃንሆይ? ድካሙን እኔው እችለዋለሁ እንጂ።»

አንጓች ታዘዘች። ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ጋን ሠርታ አመጣች።

«ጃንሆይ፣ ጋኑ ይኸው» አለች። «ግን ሦስት ምስክር አንድ ቤት አሳድሮ የሚጠይቅ ዳኛ እኔ አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ ጭቃሽን እወቂ» አለ ቢሻው።

እውነቱን ለመናገር፣ ጋኑ ሥራ አቀለለ። ሦስት ቀን የሚፈጅ ደብዳቤ በአንድ ጠዋት አለቀ። ጸሐፊዎቹ ተቀምጠው ተረከዛቸውን ቅቤ ቀቡ። ሦስቱ ቀጫጭን ድምፆችም ጋኑ ውስጥ ተቀላቅለው አንድ ወፍራም ድምፅ ሆኑ። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ሳያስበው ያደገድጋል። አንጓችም «እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል» ብላ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ቢሻው ግን ያቺን ጉብታ ሲቋምጥ ኖሯል። አናቷ ላይ ባለ ሰባት በር ቤት መሥራት ያምረዋል። ሰኞ ጠዋት፣ ባለጉዳይ ሳይመጣ፣ ወደ ጋኑ አፍ ጎንበስ አለና «ጉብታዋ የቢሻው ናት» አለ። ማክሰኞ ጎንበስ አለና «ጉብታዋ የቢሻው ናት» አለ። ረቡዕም ጎንበስ አለና «ጉብታዋ የቢሻው ናት» አለ። ሐሙስ አንጓችን ከሰሳት።

ንጉሡ ጋኑን ጠየቀ። «ጉብታዋ የማን ናት?»

«የአጋፋሪ ቢሻው ናት» አለ ጋኑ። «አባትዎ ጃንሆይ፣ በመስከረም በሃያ ሦስት፣ ዝናቡ ባባራ ሰዓት፣ ሰንጋ አርደው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው ሰጥተውታል። በአንቀጽ አርባም ንጉሥ የሰጠውን ሸክላ ሠሪ አይነጥቀውም።»

ያምራል አይደል? ጉባኤው አለቀሰ። ቢሻው ራሱ አለቀሰ፤ ስጦታውን እውነት የተቀበለ መሰለው። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ብሎ አጉተመተመ።

ለአንጓች ያለዚያች ጉብታ ድስት የለም፣ እንስራ የለም፣ የልጆቿ ጉርስ የለም። ፈራች። ከፍርሃቷ ደግሞ ንዴቷ በለጠ።

«ጃንሆይ፣ ፍርዱ ሳይጸና እኔም ጋኑን ልጠይቀው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ጊዜ የለም!» አለ ቢሻው።

«ትጠይቅ» አለ ንጉሡ። «እስከዚያ ጋደም እላለሁ።»

አንጓች ወደ ጋኑ ጎንበስ አለች። «የቢሻው ቤት የአንጓች ነው» አለችው። «የማን ነው?»

«የአንጓች ነው» አለ ጋኑ። «አባትዎ ጃንሆይ፣ በጥቅምት በአምስት ሰጥተዋታል።» ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ።

«የቢሻው በቅሎ የአንጓች ናት። የማን ናት?»

«የአንጓች ናት። ከነኮርቻዋ፣ ከነግላሷ።» ቢሻው ማላብ ጀመረ።

«የጃንሆይ ዙፋን የአህያዬ የዳልቻ ነው። የማን ነው?»

«የዳልቻ ነው» አለ ጋኑ፣ በዚያው ግርማ ሞገሱ። «አባትዎ ጃንሆይ፣ በኅዳር በአሥራ ሁለት፣ ትዕግሥቱን አይተው ሰጥተውታል። በአንቀጽ አርባ አንድም፣ ተኝቶ ከሚፈርድ ይልቅ ጆሮው የረዘመ ይነግሣል።»

ከጉባኤው አንዱ፣ አመል ሆኖበት፣ አለቀሰ። ሌላው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ንጉሡ ግን ተነሥቶ ተቀመጠ። ከነገሠ ጀምሮ እንደዚያ ነቅቶ አያውቅም።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አለ።

«ጃንሆይ፣ ቅሎቹ አንዱ ያለውን ሌላው ይቀበለዋል። አንዱ ቀን ያወጣለታል፣ አንዱ አንቀጽ ይጠቅስለታል፣ አንዱ ያሳምረዋል። አውጥተው ለየብቻ ይጠይቋቸው። የማን ናት ብለው አይጠይቁ። ከማን ሰማህ ይበሏቸው።»

ቅሎቹ ወጥተው በየጎጆአቸው ገቡ። ንጉሡም በእግሩ ሄደ። ሰባት ጊዜ አንኳኳ፣ የይለፍ ቃል ተናገረ፣ አያቶቹን ቆጠረ።

«ከማን ሰማህ?» አለው የደብዳቤውን ቅል። «እኔ የተሰጠኝን አሳምራለሁ እንጂ ምን ሰምቼ?» አለ።

«ከማን ሰማህ?» አለው የሕጉን ቅል። «ከማንም። አንቀጽ አርባ የሚያወራው ስለ ንብ ቀፎ ነው» አለ።

«ከማን ሰማህ?» አለው የሚያስታውሰውን ቅል። «ከቢሻው» አለ ቅሉ። «ሰኞ ጎንበስ ብሎ፣ ማክሰኞ ጎንበስ ብሎ፣ ረቡዕ ጎንበስ ብሎ። ረቡዕስ ጉንፋን ይዞት ነበር።»

ጉብታዋ ለአንጓች ጸናች። ቢሻው ከአጋፋሪነቱ ተሽሮ፣ የባለጉዳይን ጥያቄ ይዞ ከጎጆ ጎጆ የሚሮጥ መልእክተኛ ሆነ። ንጉሡም የይለፍ ቃሉ በየሳምንቱ እንዲለወጥ አዘዘ። ቢሻው በር ይወድ የለ? እስኪበቃው አንኳኳ።

ጋኑን ሊሰብሩት ሲነሡ አንጓች ከለከለች። «ስንት ቀን የደከምኩበት ነው። ለሰላምታ ደብዳቤና ለሰርግ ጥሪ ቅሎቹን እዚሁ ሰብስቧቸው። የሰው ርስት ሲሆን ግን በእግራችሁ ሂዱ» አለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ አፍ ድካም ያቀላል። እኔም ሰነፍ ነኝ፣ አልጠላውም። ነገር ግን ድምፁ ያማረ ሁሉ እውነት አይናገርም። መልስ ሲሰጧችሁ፣ ከማን እንደተሰማ ጠይቁ።

ማነው «አንተስ ከማን ሰማኸው?» ያለኝ? እኔማ ከዳልቻ ከራሱ ነው የሰማሁት። ያላመናችሁኝ ዳቦውን ቆርሳችሁ ብሉ። ያመናችሁኝ ድርሻችሁን ወዲህ በሉ።