በጉም ውስጥ የተጠራ ስም

ተረትና ምሳሌን የሽማግሌ ወግ ማሳመሪያ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ጉም አፋፍን አያውቅም። በዚያ አገር ሰው ጠመንጃ ሲገዛ፣ ወይም ከጎረቤቱ ተጣልቶ እጁ ወደ ምንሽሩ ሲሄድ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርግለታል። አባባሏ አጭር ናት። ከኋላዋ ያለው ታሪክ ግን የአንድ ሰው ስም የጠፋበትና የተመለሰበት ነው፤ ታሪኩን ሳያውቁ አባባሏን ብቻ የሚደጋግሙ ሰዎች ደግሞ ባይናገሯት ይሻል ነበር።

ጉም አፋፍ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ይወጣል፤ መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀጥሎ የድንጋይ ካቡን፣ በመጨረሻ ቤቱን ይውጣል። በዚያ ጉም ውስጥ ቅርብ ያለች ላም ሩቅ ትመስላለች፤ ሩቅ የሳለ ሰው ጆሮ ሥር የሳለ ይመስላል። ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በድምፅ ነው። ስለዚህ ከአባቶቻቸው የወረሱት አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ንብረቱን የሚጠብቅ ባለቤትም ይሁን ሕግ አስከባሪ፣ ከመተኮሱ በፊት ሦስት ጊዜ «በሕግ አምላክ» ብሎ ይጠራል። የተጠራው ይቆማል። ንጹሕ ሰው በሕግ አምላክ ሲሉት ይቆማል ይሉ ነበር።

የመንደሩን ገበሬ እርገጤን ከውስጥ የበላው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።

ታናሽ ወንድሙ ዘወልዴ ከሁለት ክረምት በፊት፣ አንድ ጉማም ጠዋት፣ አዲስ የተጠረበ እርፍ በትከሻው ይዞ ከጫካ ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የማረሻው እጀታ በጉሙ ውስጥ ጠመንጃ መስሎ ነበር። የተኮሰው ባሻ ዳምጠው ነው፤ የነጭ ለባሾቹ አለቃ። ነጭ ለባሽ ያን ጊዜ የገጠሩን ጸጥታ እንዲጠብቁ መንግሥት ጠመንጃ የሰጣቸው የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ባሻ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ መጽሐፍ መትቶ፣ ሦስት ጊዜ በሕግ አምላክ ብዬ ጠርቼዋለሁ ሲል ማለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

የተዘጋው ለሽማግሌዎቹ ነው። ዘወልዴ ተጠርቶ ካልቆመ ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ፊት ለፊት የተናገረ የለም፤ ነገር ግን የዘወልዴ ሚስት እታፈራሁ እንስራዋን ይዛ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር። እርገጤ ሲተኛም ሲነሣም ያቺው ጥያቄ አብራው ነበረች፤ ጠርቶታል ወይስ አልጠራውም? አንዳንድ ሌሊት በሕልሙ ወንድሙ እርፉን ተሸክሞ ወደ ቤት ይመጣል፤ ደጃፉ ጋ ሲደርስ የሚጠራው ሰው ያጣ ይመስል ይቆማል፤ ከዚያ ጉሙ ይከድነዋል።

ዘወልዴ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሲያልቅ የእርገጤ ዳማ በቅሎ ከግጦሽ ጠፋች። አውጫጭኝ ተቀመጠ። የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው። ሁለት ቀን በካፊያ ውስጥ ከትልቁ የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ በማንም ላይ የጠቆመ አልተገኘም። በሁለተኛው ቀን፣ ሰዉ ረጥቦና ተርቦ ሳለ፣ እርገጤ ተነሣ።

«ጥሪ ማንን ጠቀመ?» አለ። «ሦስት ጊዜ እስክጠራ ሌባው ወንዝ ተሻግሮ እራቱን ይበላል። ጠመንጃ የገዛሁት ወግ ልጠርቅበት አይደለም። ከካቤ ውስጥ የተገኘውን ሰው ሳልጠራ እንድተኩስ ይፈቀድልኝ።»

ይህን ሲል ዓይኑ ያረፈው ባሻ ዳምጠው ላይ ነበር። በልቡ ያለው ሌላ ነው። ጥሪ ወንድሙን ካላዳነ፣ ጥሪ የሚባለው ነገር ከነአካቴው ይጥፋ፤ ያኔ ዘወልዴን ተጠርቶ ሮጠ የሚለው አፍ አብሮ ይዘጋል ብሎ ነው።

ባሻም፣ ለባለቤት የተፈቀደ ለሕግ ሰው ሊከለከል አይገባም አለ። በመንገድ ላይ የሚዞሩት የእሱም ሰዎች እንደዚያው ሳይጠሩ ይተኩሱ።

እንደ እርገጤ ያለ ሰው በየዘመኑ አለ። የራሱ አፈሙዝ ሲሆን ችኮላውን ጀግንነት ይለዋል፤ የመንግሥት አፈሙዝ ሲሆን ያንኑ ችኮላ ግፍ ይለዋል። የመንግሥቱም ሰው ከዚህ አይሻልም፤ ገበሬ ሲተኩስ ሽፍትነት፣ እሱ ሲተኩስ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ለአገር ይሻላል፤ የተስማሙ ቀን ግን ወዮለት ለመንገደኛው። እነዚህ ሁለቱ በዚያ ቀን ተስማሙ።

የተቃወሙት እሜቴ ማንያህልሻል ብቻ ናቸው። ባለ ርስት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የተውላቸውን አሮጌ ውጅግራ ግን ከጎናቸው አይለዩትም፤ ወደዚያ ሸንጎም ተደግፈውት ነበር የመጡት።

«እኔም ባለ ጠመንጃ ነኝ» አሉ። «ይህ ውጅግራ ሃያ ዓመት ቤቴን ሲጠብቅ አንድ ቀን አፉን አልከፈተም። የመጣብኝ ሁሉ ድምፄን ሰምቶ ነው የተመለሰው።»

«የእርስዎን ድምፅ ከሰማማ እሜቴ፣ እንኳን ሌባ ጅብም አገር ይለቃል» አለ ከኋላ አንዱ።

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ውሉ ጸደቀ፤ አውጫጭኙም ሌባው ሳይታወቅ ተበተነ። እስከ መስቀል ድረስ፣ ከካብ ውስጥ ባለቤቱ፣ በመንገድ ላይ ነጭ ለባሹ፣ ሳይጠራ ይተኩሳል። ሰው ርቦት ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲቸኩል ምን የማይፈርምበት ውል አለ?

ከዚያ በኋላ ጉም አፋፍ ሌላ አገር ሆነ። ሰው ውሉን ያጸደቀው ሌባውን እያሰበ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ጉሙ ውስጥ የሚሄደው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ አለው። እታፈራሁ ሌባ እንዳትመስል የበሬ ቃጭል በወገቧ አስራ ምንጭ ወረደች። ሌሎቹ ሴቶች አይተው እንደሷ አደረጉ። ሳምንት ሳይሞላ ወንዱም፣ ቄሱም፣ ገበያተኛውም ቃጭል አሰረ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ማሳውን ሲሸፍን፣ መንደሩ በሙሉ እረኛ እንደሌለው መንጋ ከወዲያ ወዲህ ሲያንቃጭል ይሰማ ነበር። ማንም አይታይም። ድምፁ ብቻ በነጩ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠፋል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ እርገጤ ካቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንሽሩን ከእርጥበት ለመጠበቅ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ቀስ በቀስ ቃጭሎቹ ራቁ። ጉሙ ጋቢው ውስጥ ገባ፤ ሽፋሽፍቱ ጠል አዘለ። እንቅልፍ ይሁን ንቃት ያልለየለት ነገር ያዘው። ከእግሩ ሥር ምድር የሌለ፣ ካቡም እሱም በነጭ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ መሰለው።

ከዚያ ካቡ በተናደበት በኩል አንድ ጥላ ገባ።

ቃጭል የለውም። ረዥም ነው። በትከሻው ላይ ቀጥ ያለ ነገር ተሸክሟል፤ ከኋላው አንድ እንስሳ ያለ ድምፅ ይከተለዋል። እርገጤ ነጠላውን ገፍፎ ጣለና አቀባበለ። ብረቱ ሲጋጭ ጥላው ቆመ። አነጣጠረ። ከካቡ ውስጥ ነው፤ ውሉ ፈቅዶለታል፤ በቅሎ ሌባው በገዛ እግሩ መጥቶለታል። ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ።

ግን ጥላው ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ነበር የቆመው። ከባድ እርፍ ተሸክሞ ረዥም መንገድ የሄደ ሰው እንዲህ ይቆማል። ለእርገጤ ያ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ጉም ከቶ ያልተገለጠ፣ የዚያ ጠዋት ጥይትም ገና ያልተተኮሰ መሰለው። ወንድሙ አሁን ገና ከጫካ እየተመለሰ ነው። አፉ ሳያዝዘው ተናገረ።

«ዘወልዴ?»

ስሙ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ሄደ።

«አይደለሁም» አለ ጥላው። «ዘወልዴን የገደልሁት ነኝ።»

ባሻ ዳምጠው ነበር። በትከሻው የነበረውን ጠመንጃ በሁለት እጁ ይዞ፣ አፈሙዙን ወደ እርገጤ አዙሮታል፤ የእሱም ጣት ቃታ ላይ ነው። ከኋላው የቆመችው የእርገጤ ዳማ በቅሎ ናት። ባሻ ያልተጠየቀውን ተናገረ። በቅሎዋን የሰረቃት የለም፤ ገደሉን ወርዳ ቆላ፣ የተወለደችበት ሰው ደጅ ቆማ አግኝቷት ነው። ሊመልሳት እየመጣ ሳለ የብረት ድምፅ ሰማ፤ ሊተኩስ ነበር። ቀድሞ ሊተኩስ ነበር። ያን ስም ሲሰማ ግን ክንዱ ዛለ።

እርገጤ ምንሽሩን አላወረደም። ባሻ ግን አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ፤ አሁን መሣሪያው የተደገነበት እሱ ብቻ ሆነ።

«ጠርተኸው ነበር?» አለ እርገጤ።

በቅሎዋ ጆሮዋን አራገፈች።

«ጠርቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«መቼ?»

ጉሙ በሁለቱ መካከል አለፈ፤ የባሻን ፊት ከደነው፤ መልሶ ገለጠው።

«ከተኮስሁ በኋላ» አለ። «ጣቴ ከአፌ ቀደመ። ወደቀ። ወደሱ እየሮጥሁ ነው በሕግ አምላክ፣ በሕግ አምላክ፣ በሕግ አምላክ ያልሁት። መጽሐፍ ስመታ ሦስት ጊዜ ጠራሁ አልሁ፤ የቱ እንደቀደመ የጠየቀኝ አልነበረም።»

እርገጤ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሰማው ሲመኝ ኖሯል። ሲሰማ ምን እንደሚያደርግም ያውቅ ነበር፤ በየሌሊቱ አድርጎታል። ቃታውን ስቦ፣ ሰውዬው ሲወድቅ አይቶ፣ በሰላም ተኝቷል። አሁን ሰውዬው ፊቱ ቆሟል፤ ቦታው ካቡ ውስጥ ነው፤ ውሉን ደግሞ ባሻ ራሱ ባርኮታል። የሚጠይቀው የለም። ጉሙ ተመልሶ ይከድነዋል፤ ሁሉም ነገር ያበቃል።

ዘወልዴም ተጠርቶ ያልቆመ ሰው ሆኖ ለዘላለም ይቀራል። ይህ ሐሳብ ጣቱን ያዘው። ወንድሙ እንዳልተጠራ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ አፍ ብቻ ነው፤ ያም አፍ አሁን ከምንሽሩ ፊት ነው። ይህን ሰው ቢገድል የሚገድለው የወንድሙን ምስክር ነው።

«በሕግ አምላክ» አለ፤ ቁጣ ነበረው። «በሕግ አምላክ» አለ ደግሞ፤ ድምፁ ላላ። ሦስተኛውን ሲል ለራሱም አልተሰማውም።

«ቆሜያለሁ» አለ ባሻ።

እርገጤ ከካቡ ወርዶ የጋቢውን ጫፍ ከባሻ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረ። ሰው ተካስሶ ዳኛ ፊት ሲቀርብ እንዲህ ተቆራኝቶ ነው የሚሄደው። ጠመንጃዎቻቸውን አፈሙዝ ወደታች አንግተው፣ በቅሎዋን አስከትለው፣ በጉሙ ውስጥ ወጡ። ከየአቅጣጫው ቃጭል ይሰማ ነበር። ሲያልፉ እየቆመ፣ ካለፉ በኋላ እየተከተላቸው መጣ፤ ኮሶው ሥር ሲደርሱ ግማሹ መንደር ከኋላቸው ነበር።

ባሻ ተናገረ። አላሳጠረም፣ አላስተባበለም። የቱ እንደቀደመም ተናገረ። እታፈራሁ ወደ ሴቶቹ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሰማችሁ?» አለች። «አልተጠራም።»

ከዚያ የወገቧን ቃጭል ፈትታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ባሻ ጠመንጃውን ከቃጭሉ አጠገብ አጋደመ፤ የወረዳው ዳኛ ዘንድ ሽማግሌ እንዲያደርሰው ራሱ ለመነ።

በመጨረሻ፣ በአውጫጭኙ ዕለት በእሜቴ ማንያህልሻል ድምፅ ያሾፈው ሰው፣ ውሉ የፈቀደለትን እርገጤ ለምን ሳይተኩስ እንደቀረ ጠየቀ። እርገጤ፣ «ወንድሜን በስሙ ጠራሁት» አለ። እሜቴ ውጅግራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ከገደል የተመለሰችውን በቅሎ አዩ፤ ራሱን ያቀረቀረውን ባሻን አዩ፤ ከዚያ ጉሙ ወደሸፈነው ወደ ዘወልዴ መቃብር ፊታቸውን መልሰው፣ «የጠሩት ይመለሳል፤ የተኮሱት ይቀራል» አሉ።