የሰር ጊልበርት ሐውልት

በድሮ ዘመን ከነበሩት የእንግሊዝ መኳንንት አንዱ ሰር ጊልበርት፣ ምላሱ ከሰይፉ የረዘመ ጦረኛ ነበር። ፈረንሳይ ዘምቶ ሳለ ውጊያው ቢጠናበት፣ የበኩር ልጁን ጠላት መሀል ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ሲያረጅ ታዲያ በቁሙ የመቃብሩን ሐውልት ማሠራት አማረው። በአገሩ ልማድ የጀግና ምልክት የሆነው አንበሳም ከእግሩ ሥር እንዲቀረጽ አዘዘ። ድንጋይ ጠራቢው በዚያ ዘመቻ ቀስተኛ የነበረ፣ ያንን ልጅ በእጁ የቀበረ ሰው ነው።

ሐውልቱ ሲያልቅ ሰር ጊልበርት ሚስቱንና የቀሩትን ልጆቹን አስከትሎ መጣ።

«ቁርጥ እኔን ካልመሰለ እጅህን አስቆርጠዋለሁ። አንተስ ምን ትላለህ?» አለው።

ጠራቢው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ፊቱስ ቁርጥ እርስዎን ነው። እግሩ ግን አልመስል አለኝ፤ ይሄኛው አንበሳውን ጥሎ አይሸሽም።»